ነገ የሚጫኑት ትሎች

ክቡራትና ክቡራን፣ አሰላሙ አለይኩም! አካም ጅርቱ?

ይህን ሁሉ ደግሳችሁ፣ ጋቢ አልብሳችሁ በጡረታ ለምትሸኙኝ አላህ ያክብራችሁ። አለቃችን አቶ ኑርሁሴን በጉን ራስዎ ባቲ ወርደው እንደገዙ ሰምቻለሁ። ሥጋው ግሩም ነው። ለእኔ ግን አልወረደልኝም።

ለምን? ነገ ጠዋት ከግብርና ጣቢያችን ኮምፖስት የሚያዘጋጁ የምድር ትሎች ተጭነው ጨፋ ሮቢት ለገበሬ ሊታደሉ ነው። ትሎቹ ደግሞ ታመዋል።

"የትል እናት" እያላችሁ ስታሾፉብኝ ኖራችኋል። እሺ፣ ዛሬ እናቲቱ ትናገር። አዲሱን የትል መደብ ስትሞሉ ጥቁርና እርጥብ አፈር ፈልጋችሁ ከቧንቧው ሥር ዛቃችሁ። አፈሩ ያምራል፤ ማን ይጠላዋል? ግን የጸረ ተባይ መርጫውን ሁሉ የምናጥበው እዚያው አይደለም እንዴ? ስንት ዓመት የመርዝ እጣቢ ሲጠጣ የኖረ አፈር ነው!

ጤነኛ ትል ቢቆስል ይሽርለታል። ሰውነቱ ውስጥ ባለው ፈሳሽ በሽታ የሚዋጉለት ጥቃቅን ሴሎች አሉት። በተመረዘ አፈር ሲኖር እነሱ ይደክማሉ፤ ትንሿ ጭረት ትገድለዋለች። ሰሞኑን የመደቡ ሠራተኛ ጀይሉ ክዳኑን ገልጦ፣ "ረቢአ፣ ኧረ ይሄ ነገር ይሸታል!" አለኝ። ገርጥተው፣ አብጠው፣ ቁስላቸው አልደርቅ ብሎ አገኘናቸው።

ለአቶ ኑርሁሴን ብነግራቸው፣ "እንግዳ ከክልል ይመጣል፤ ደሞ ትል ታመመ ብዬ ልመልሰው?" አሉኝ። ፊታቸው ሳቅኩ። ወጥቼ ግን አለቀስኩ።

ትሉ ከሚታደላቸው ገበሬዎች ሳቢራን ታውቋታላችሁ፤ ማሳዋ ቦርከና ወንዝ ዳር ነው። ትናንት ደውላ፣ "አብሽሪ እቴ፣ ቦታውን አሰናድቻለሁ። ሽንኩርቴ መሀል ነው የማደርጋቸው" አለችኝ። እኛን አምና ነው። በሽተኛውን ትል ከነመርዙ ወስደን ልጆቿ የሚበሉበት መሬት ላይ ልንደፋባት ነው? እኔ ከነገ ወዲያ ደሴ ልጄ ቤት ነኝ። ሳቢራ ግን የምትደውለው ለእኔ ነው። "ምን አመጣሽብኝ?" ስትለኝ ምን ልበላት? ፈርቻለሁ፤ እውነቴን ነው።

እንግዲህ ዱዓ ላድርግ። በእኛ አገር እጁን ዘርግቶ አሚን ያለ ሰው ቃሉን አያጥፍም። እጃችሁን ዘርጉ።

አላህ ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። አሚን በሉ!

የጨፋን ሰብል ይባርክላችሁ፤ እኔን ለምትተካዋ ለኢልሃም ብርታት ይስጣት። አሚን በሉ!

ነገ መኪናው ባዶውን ይቁም። የቧንቧው ሥር አፈር ለገበሬ አይድረስ። አሚን በሉ!

አቶ ኑርሁሴን፣ እጅዎ ተዘርግቷል፤ ድምፅዎን ግን አልሰማሁም። ቆሜ እጠብቃለሁ።