እምቢ ያለውን በር የሠሩት ወንድሜ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ በረንዳው ላይ ያላችሁም ግቡ፣ ዝናቡ እንዳይደበድባችሁ። ክረምቱ ገና አጋማሹ ነው፣ እንጨት ሁሉ ውሃ ጠጥቶ የሚያብጥበት ጊዜ፤ ወንድሜ ይህን ወቅት አይወዱትም ነበር፣ ሞትም እንደ አውቆ በዚሁ ወቅት መጣባቸው። እኔ እህታቸው ፊደል አልቆጠርኩም፤ የሕይወት ታሪካቸውን እኔ እየተናገርኩ የልጅ ልጃቸው ጽፋዋለች፣ ደጋግማ ስላነበበችልኝም በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ብስት እንድታርመኝ ይኸው አጠገቤ ቆማለች።

ወንድሜ የዛሬ ሰማንያ አንድ ዓመት ከእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛው አባታችንና ከልብስ አጣቢዋ እናታችን ተወለዱ። በልጅነታቸው ለአባታችን ምሳ አድርሰው ሲመለሱ ኪሳቸውን በቁርጥራጭ እንጨት ሞልተው ስለሚመጡ፣ እናታችን «ይህ ልጅ ቤቱን ጫካ ሊያደርግብኝ ነው» እያሉ ያማርሩ ነበር። ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለው፣ አባታችን ሲታመሙ አቋርጠው መሰንጠቂያው ገቡ፤ በማታው ትምህርትም አናጢነትን ተምረው ከክፍሉ አንደኛ ወጡ። እኔ ትምህርት ቤት ባልላክም ሜትር ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬም የማነበው ነገር ቢኖር ሜትር ብቻ ነው። ሦስቴ ሳይለኩ አንዴ የማይቆርጡ ስለነበሩ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ሚሊሜትር» አሏቸው፣ ስሙም እንደ ሙጫ ተጣበቀባቸው።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው በአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ተቀጠሩ። እዚያም የጣቢያውን መጋረጃ ይሰፉ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት በጠብ ነው፤ እሳቸው «መጋረጃው በሁለት ሴንቲ ሜትር አጥሯል» ብለው ሲከሱ፣ ባለቤታቸው ደግሞ «መስኮቱ ነው የረዘመው» ብለው ስለመለሱ፣ ለመለካት ተያይዘው እንደሄዱ ሳይለያዩ ቀሩ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

ወንድሜ አርባ ዓመት ሲሞላቸው ጣቢያው እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የአንድ ቤተሰብን ኑሮ የሚያሳይ አስቂኝ ድራማ ሊጀምር ተነሳ፤ በኋላ ሰዉ ሁሉ «የእሑዱ ቤተሰብ» ያለው ነው። አዘጋጁ ሦስት ግድግዳ፣ አንድ መስኮትና አንድ በር ያለው ቤት በአራት ቀን እንዲቆም ወንድሜን አዘዙ። ክረምት ነበር፣ እንደ አሁኑ፤ እንጨቱም በክፍት መኪና ዝናብ ሲወርድበት መጥቶ ቢጨምቁት ውሃ የሚወጣው ይመስል ነበር። ወንድሜ «ይህ ሳይደርቅ በር አይሆንም፣ ሦስት ሳምንት ስጡኝ» ቢሉ፣ አዘጋጁ «ቴሌቪዥን እኮ ነው ጋሽ ሚሊሜትር፣ ሰዉ እንጨቱን አይዳስሰው» አሏቸው። ወንድሜም እያወቁ እሺ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ልባቸውን የቆረቆረቻቸው ይህች እሺታ ናት።

ድራማው በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው፤ የተሳሳተ አይመለስም። በመጀመሪያው እሑድ አባት ሆነው የሚጫወቱት ተዋናይ ከሥራ መጥተው ሊገቡ ሲሉ፣ በመብራቱ ሙቀት የተጣመመው በር እምቢ አለ። ገፉት፣ እምቢ፤ እናት ሆነው የሚጫወቱት ተዋናይት ከውስጥ ሳቡት፣ እምቢ። ወንድሜ ከግድግዳው ጀርባ መዶሻ ጨብጠው ላብ አጠመቃቸው፤ ቢመቱ አገር ይሰማል፣ ባይመቱ አባትየው ውጭ ቀሩ። ተዋናዩ ግን ዞር ብለው አንገታቸውን በመስኮት አስገቡና «የኔ እመቤት፣ በሩ አኩርፎኛል፤ አንቺስ?» ሲሉ፣ ተዋናይቷ ዓይናቸው እንኳ ሳይርገበገብ «እግርህን ከጠረግህ ግባ» አሏቸው። በመስኮት ገቡ። የጣቢያው ስልክ በተደሰቱ ተመልካቾች እስኪመሽ ድረስ አላረፈም።

ሰኞ ጠዋት ወንድሜ ከሁሉም ቀድመው መላጊያቸውን ይዘው ቢደርሱ፣ አዘጋጁ በሩን ተደግፈው ቆመው አገኟቸው። «ይህን በር ለመላግ ከሆነ የመጣኸው ከእኔ ጀምር» አሏቸው። እንዲህ ሆኖ አንድ አናጢ በሩብ ሰዓት የሚጠግኑትን ጥፋታቸውን አሥራ አንድ ዓመት እንዳይነኩት ተከለከሉ። ከዚህም የባሰ አለ፤ በበጋ እንጨቱ ደርቆ በሩ በሰላም መከፈት ሲጀምር፣ እንዲይዝ ቅዳሜ ማታ ስስ ሽብልቅ የሚከቱበት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ፣ ያንንም ሽብልቅ ሦስቴ ለክተው።

እኛ ሳቅን፣ እሳቸው ግን ዋጋውን ከፈሉ። ቁም ሣጥን ሊያሠራ የመጣ ሁሉ «ይከፈታል ወይስ በመስኮት ነው?» እያለ ይቀልድ ነበር፤ ቀልዱ እየበዛ ሲሄድ የውጭ ሥራቸው ሳሳ፣ ቤቱንም ብዙ ጊዜ የባለቤታቸው ስፌት ደገፈው። እሑድ ድራማው ሊጀምር ሲል ኮታቸውን ደርበው ከቤት ይወጡ ነበር። አንድም ቀን ተቀምጠው አላዩትም። እኔ ደግሞ በእሳቸው ወንበር ተቀምጬ እንባዬ እስኪፈስ ስቄያለሁ፤ ዛሬ በፊታቸው ልናዘዘው።

ስለዚህ ድራማ በዘመኑ የተጻፈ ቢኖር አንድ ጋዜጠኛ «የበር ጨዋታ» ብለው የናቁት ብቻ ነው፤ ሽልማት አላየም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጨርሶ አልተቀረጹም፣ የኋለኞቹም ቴፕ አጥሮ ሌላ ዝግጅት ተቀዳባቸው። የልጅ ልጆቼ ሳወራላቸው «አያቴ፣ ይሄ ምኑ ያስቃል?» ይሉኛል። እናንተ ልጆች፣ እዚህ ሁላችሁም ስላላችሁ አንዴ ልመልስላችሁ። እናትየው በሩን ከፍ አድርገው ይስቡታል፣ ትንሹ ልጅ ከታች በእግሩ ይለዋል፣ አያትየው ሁለቴ አንኳኩተው ይቅርታ ይለምኑታል፤ እኛ ወጥ ቤት ሆነን እንኳ በበሩ ድምፅ ብቻ ማን እንደመጣ እናውቅ ነበር። በዚያ ቤት ሰው ሰውን አዋርዶ አያስቅም። የሚሳቅበት በሩ ነው፣ በሩንም የሚጥለው የለም፤ ሁሉም እንደየአመሉ ይችለዋል። የእኛም ቤት፣ እውነቱን ከተናገርን፣ ሁልጊዜ አንድ እምቢ ያለ ነገር አላጣም። ያን ድራማ ካየን በኋላ እራት ላይ መኳረፍ ያቅተን ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ከሆነ ትልቁን አሳዩኝ።

አባት ሆነው የሚጫወቱት ተዋናይ በአሥራ አንደኛው ዓመት በድንገት ሲያርፉ ድራማው ቆመ፣ ቤቱም እንዲፈርስ ታዘዘ። ወንድሜ ግድግዳዎቹን አፍርሰው አስረከቡ፤ በሩን ግን ለምነው ወስደው በትከሻቸው ተሸክመው ከግቢው ወጡ። «በመጨረሻ ሊልጉት ነው» አልን። የት እንዳደረሱት እነግራችኋለሁ፣ ትንሽ ታገሱኝ። ከዚያም አሥር ዓመት ያህል የሌሎች ዝግጅቶችን ቤት ሲሠሩ ኖረው፣ አንድም በር ሳያጉረመርምባቸው በክብር ጡረታ ወጡ።

አምና ሳንባቸው ታመመ፤ ሐኪሙ «የመጋዝ ብናኝ ነው» አሉ። ነርስ የሆነችው ትልቋ ልጃቸው ቀን ከሌት ሳትለይ አስታመመቻቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ እኚያ እናት ሆነው ይጫወቱ የነበሩት ተዋናይት ሊጠይቋቸው መጥተው ከቦርሳቸው ካሴት አወጡ፤ ከጥፋት የተረፈችው አንዲቷ ክፍል ናት፣ ለማስታወሻ አስቀድተው አስቀምጠዋት ኖሯል። ነርሷ ልጃቸውም የድሮ ማጫወቻ ከየትም ብላ አመጣች። ስድስት አልጋ ባለበት የሆስፒታል ክፍል ድራማው ተከፈተ፤ በሩ እምቢ ሲል የተሰበረ እግሩ የተሰቀለው ሰው ሳይቀር ሳቀ። ወንድሜ ግን አንገታቸውን አስግገው «ማጠፊያውን አያችሁት? ቀጥ ብሏል። ማጠፊያው ጥፋት አልነበረበትም» አሉ። በአርባ ዓመት ያዩት የመጀመሪያ እሑዳቸው ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ምስሉን ዛሬ አየሁት፤ ሳቁን ግን ከሁላችሁ በፊት ነው የሰማሁት» አሉ። መጀመሪያ ላይ ከቤት የሚወጡት ሊሸሹ ነበር። አንድ እሑድ ግን ባዶ መንገድ ላይ ሲሄዱ፣ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ድምጿ ያልተሰማ አንዲት ጎረቤት በመስኮቷ በኩል ስትስቅ ሰሙ። «ቆሜ አዳመጥኳት» አሉኝ። «ይህን ያደረገው ያ እርጥብ እንጨት ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ የምወጣው ሳቁ ከመንደሩ ዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ ሲፈነዳ ልሰማ ነበር።» እኔም «ታዲያ ለምን ሳይነግሩን ኖሩ ጋሼ?» ብላቸው፣ «ብነግራችሁ ትስቁብኝ ነበራ» አሉኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ትናንት ማለዳ፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛቸው አረፉ።

በሩን እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ ልታስተዛዝኑን ስትመጡ በትከሻችሁ የገፋችሁት እሱ ነው። ሳይነኩት፣ ከነሽብልቁ ምልክት፣ በገዛ ቤታቸው ላይ ገጠሙት፤ ባለቤታቸው በጠየቋቸው ቁጥር «ጊዜ ሳገኝ እጠግነዋለሁ» ይሉ ነበር፣ በሠላሳ ዓመትም ጊዜ አላገኙም። ወንድ ልጃቸው ዛሬ ጠዋት «አስከሬኑ ሲወጣ እንዳያስቸግር ልላገው» ብሎ መላጊያ አንስቶ ነበር፤ እኔ ነኝ የቀማሁት። ስትሸኟቸው አትጣደፉ። ትንሽ ቢይዛቸው ይያዛቸው።

ባለቤታቸው ከእኛ ጋር ናቸው፣ ዛሬም ይሰፋሉ። ትልቋ ልጃቸው ነገ ወደ በሽተኞቿ ትመለሳለች፤ ታናሿ አስተማሪ ናት፣ ወንድ ልጃቸውም የአባቱን መሣሪያ ተረክቧል። ሰባት የልጅ ልጆችና እኔ እህታቸው ቀርተናል። አዘጋጁ ከብዙ ዓመት በፊት አርፈዋል። ተዋናይቷ እነሆ ከፊታችን ተቀምጠዋል፤ ካሴታቸውም ተገልብጦ ለየቤቱ ታድሏል፣ ያልደረሰው ከነርሷ ልጃቸው ይውሰድ።

ፈጣሪ ሆይ፣ ለክተው የሠሩትንም ሳይለኩ እሺ ያሉትንም በምሕረትህ ተቀበልላቸው፤ ያንተ በር በበጋም በክረምትም ሳይይዝ ይከፈትላቸው። ለእኛ ለቀረነውም መጽናናትን ስጠን። አሜን።