ድፍኑ ይሻላል ክፍቱ?

እንዴት ዋልክ ሳዲቅ? ላቫጆው ዛሬ ሞልቶልሃል፤ ተመስገን ነው። መቼም ቃሊቲ አቧራዋ እያለ አንተ ሥራ አታጣም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው አለልህ... ፈውዚያስ? አራሷ ደህና ሆነች? ልጁ ጡት ያዘ? ጎሽ! እኔ እንኳን ምንጣፍ ላሳጥብ ነው የመጣሁት። አልቸኩልም፤ ወረፋዬ እስኪደርስ እዚች ጋ አረፍ ልበል።

ያ ጥቁር መነጽር ያደረገው ወንድሜ ደንበኛህ ነው? አይ፣ ይቀመጥ፣ ምን ያስነሳዋል! ቀይዋ መኪናው ገና አረፋ ላይ አይደለች? እኔ መነጽር ያደረገ ሰው መለየት ያቅተኛል። ደግሞም ስለ እሱ አይደለም የማወራህ። ስለ ሌላ ልጅ ነው... አንተ አታውቀውም።

ኡምሀኒን ግን ታውቃታለህ። የአጥር ጎረቤቴ፣ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ለጠያቂ ሻይና ዳቦ ስትሸጥ የኖረችው። አንድ ወንድ ልጅ አላት። አባቱ ሲሞት ገና በጀርባዋ ነበር። እሷ ሻይ ስትቀዳ እሹሩሩ የምለው እኔ ብዙወርቅ ነበርኩ። አሁን ረስቶኛል። ምን ያድርግ? ትልቅ ሰው ስንቱን ያስታውስ? የጆሮ ወርቋን ሸጣ የመጀመሪያውን አይሱዙ አስጀመረችው፤ ዛሬ የስንት ሲኖትራክ ጌታ ነው። ጎበዝ ልጅ! የእናቱ ጆሮ ባዶ ቢቀርም፣ የእሱ ስም ከሳሪስ እስከ ኮዬ ፈጬ የሰው ጆሮ ሞልቷል።

ታዲያ ይህ ልጅ ባለፈው ክረምት ጭንቅ ያዘው። ምን ሆነ መሰለህ? ደላላ ሁለት የስፖርት መኪና አቀረበለት። ሁለቱም አንድ ሞዴል፣ ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ሁለት ወንበር ብቻ። አንደኛው ጣራው ድፍን ነው። ሌላው ኮንቨርተብል የሚሉት፣ ቁልፍ ሲነኩት ጣራው ተጣጥፎ ወደ ኋላ የሚገባው። ድፍኑ ይሻላል ክፍቱ? እንቅልፍ አጣ! አትሳቅ እንጂ፣ ቀላል ነው እንዴ? ድፍኑን ቢገዛ ሰው እሱን በምን ያየዋል? ክፍቱን ቢገዛ የቃሊቲን አቧራ በምን ይችለዋል? ጠዋት ድፍኑን ይዞ ቀለበት መንገድ ይወጣል፣ ከሰዓት ክፍቱን። ሽማግሌ ሳይቀር አማከረ። ሰው ሚስት ሲመርጥ እንኳን እንዲህ አይጠነቀቅም።

በዚያው ሰሞን ኡምሀኒን የዓይን ሞራ ጋርዷት ነበር። የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ሲደርስ ደወለችለት። "እማ፣ ትንሽ ታገሺኝ። መኪናውን ልምረጥና በአዲሱ እወስድሻለሁ" አላት። ምን ዓይነት አሳቢ ነው! እናቱ በአሮጌ መኪና ሄዳ እንድትታከም አልፈለገም። ቀጠሮው አለፈ። ግድግዳ እየዳበሰች አንድ ወር ጠበቀች። ይሁን፣ ዓይን እንደሆነ ሁለት ነው... መኪና ግን አንዱን ብቻ ነው የሚመርጡት፣ አይደል?

በመጨረሻ ክፍቱን መረጠ። በሐምሌ! በሁለተኛው ቀጠሮ ቀን ጠዋት በራችን ላይ ክላክሱን አስጮኸው። ኡምሀኒ አዲሱን ሻርፗን ተከናንባ፣ እኔ እጇን ይዤ ወጣን። ለካ አንደኛው ወንበር ላይ አንዲት መልከ መልካም ልጅ ተቀምጣለች። እሱ ወርዶ የእናቱን ጉልበት ሳመ፤ ሥርዓት ያውቃል። "እማ፣ ቦታ ጠበበ። ባጃጅ ልጥራልሽና ከኋላሽ አጅቤሽ እሄዳለሁ" አለ። እውነቱን እኮ ነው! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እሱ ግን ጠንቃቃ ነው፤ የብብቱን በክብር ባጃጅ ላይ አሳፍሮ ነው ቆጥ ላይ የወጣው።

ሄድን። ከፊት እኛ በባጃጅ፣ ከኋላ ቀይዋ መኪና። የትኛዋ ባለሥልጣን እንዲህ ታጅባ ታውቃለች? ኡምሀኒ "ልጄ አለ?" ትለኛለች። "አለ፣ ከኋላችን ነው" እላታለሁ። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። ዞር ብዬ ባይ ጣራው ግማሽ ላይ ቀጥ ብሏል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ የእሱ ደግሞ ቆሞም አልታጠቅ አለው። ልጅቷ በቦርሳዋ ራሷን ከለለች። እሱ ጃኬቱን አወለቀና... ወንበሩን አለበሰው። ቆዳ ነዋ! ከዚያ ወደ ጋራዥ አዙሮ በረረ።

"ልጄ አለ?" አለችኝ።

"አለ" አልኳት። ዋሸሁ እንዴ? በሕይወት አለ እኮ!

ሐኪም ቤት "ቤተሰብ ይፈርም" አሉን። ሦስት ጊዜ ደወልኩለት፤ መካኒኩ ጋ ነበርና አላነሳም። አልፈርድበትም፤ እናት ትጠብቃለች፣ እርጥበት ግን ማንንም አይጠብቅም። እህቷ ነኝ ብዬ እኔው ፈረምኩ። አንተ አንዴ ባየኸን! አንዷ ማተብ ያሰረች፣ አንዷ መስገጃ የያዘች እህትማማቾች። ሐኪሙም ፈገግ ብሎ ወረቀቱን ተቀበለኝ።

እሷ እንደምትለው አልሐምዱሊላህ፣ ዓይኗ በራ። በሳምንቱ ለክትትል ወስጃት ስንመለስ፣ መንገድ ዳር ቆመን ታክሲ እየጠበቅን፣ ያቺ ቀይ መኪና ጣራዋን ከፍታ ሽው ብላ አለፈች። ኡምሀኒ መኪናዋ እስክትርቅ ድረስ በዓይኗ ተከተለቻት።

"ብዙዬ፣ ይሄን ልጅ ብርድ ይመታዋል" አለች። "ጣራህን ዝጋ የምትለው እናት የለችውም እንዴ?"

ሳታውቀው ቀርታ ይሁን አውቃው... አልጠየቅኳትም። ቤት እስክንደርስ እጄን አልለቀቀችም።

ውይ፣ ባለመነጽሩ ወንድሜ ተነሳ እንዴ? አረፋው እንኳን ከቀይዋ መኪናው አልወረደም እኮ! እናቱን ሊጠይቅ ቸኩሎ ይሆናል፤ ደግ ሰው ይመስላል።

እኔ መቼም ለዚያ ልጅ ክፉ አልመኝለትም። እሹሩሩ ያልኩት ነው። እንዲያውም አብረን እንመርቀው፤ እጅህ እርጥብ ቢሆንም ዘርጋና አሜን በለኝ። ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ቤቱን በልጆች ይሙላለት... አሜን በል እንጂ! እርጅናውን ያሳምርለት። ዓይኑ ሲደክም፣ ጉልበቱ ሲከዳው፣ እሱ ለእናቱ እንደሆነላት ልጆቹም እንደዚያው ይሁኑለት።