እንቁላል ወይስ ሽክርክሪት

አቶ ዌንዴል አሆ የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው። በኦሪገን ጠረፍ፣ በሄምሎክ ወንዝ ዳር ተወልደው፣ በወንዙ ዓሣ አድገው፣ ዛሬም የሚኖሩት የውኃው ድምፅ ከአልጋቸው በሚሰማበት ቤት ነው። በየካቲት ወር አንድ ዓርብ ጠዋት፣ የሳልሞን እንቁላል የሞላ ብልቃጥ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ለመዱት ጥልቅ ውኃ ሲወርዱ ሰው ቀድሟቸው አገኙ። የዚያ ወንዝ ሰው፣ ቀድሞ የቆመውን ሳያስፈቅድ አጠገቡ ክር አይጥልም። ይህን ደንብ አቶ ዌንዴል ራሳቸው ለስንቱ እንግዳ በቁጣ አስተምረዋል። ስለዚህ ፊታቸውን አጥቁረው ከዛፉ ሥር ቆሙ።

የቀደመቻቸው የጎረቤታቸው ልጅ ኮሪን ራስኬ ነበረች። በዩኒቨርሲቲ ስለ ዓሣ ተምራ፣ በመከር ወደ ወላጆቿ ቤት የተመለሰች ልጅ ናት። ዞር ብላ ስታያቸው ቦታው ለሁለት እንደሚበቃ ነግራ ፈገግ አለች።

«ለእኔና ለአንቺ ይበቃል» አሉ አቶ ዌንዴል። «ለዚያ ለጆሮ ጌጥሽ ግን መብቃቱን እንጃ።»

የጆሮ ጌጥ ያሉት በክሯ ጫፍ የተንጠለጠለችውን ነገር ነው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የነሐስ ቅጠል በቀጭን ሽቦ ዙሪያ ትሽከረከራለች፤ ከሥሯ አንድ መንጠቆ አለ፤ ምግብ የሚባል ነገር የለባትም። ኮሪን ሽክርክሪት ትላታለች። አቶ ዌንዴል ግን ከአባታቸው የተማሩት በእንቁላል ማጥመድ ነው። በመከር ሳልሞን ያርዳሉ፤ እንቁላሉን በጨውና በስኳር አሽተው፣ ቀይ ቀለም ውስጥ ነክረው፣ ብልቃጥ ሞልተው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደረድራሉ። በክረምት ስቲልሄድ የምትባለው ትልቅ ዓሣ ከባሕር ወደ ወንዙ ስትወጣ ያንን መንጠቆ ላይ አስረው ያባብሏታል። ባለቤታቸው ቨርና ቅቤዋ ዓሣ ዓሣ ሸተተ ብላ ስታማርር ሠላሳ ዓመት ሆኗታል፤ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል።

ወሬያቸው ሳይውል ሳያድር ወደ ክርክር ዞረ። የፊታችን እሁድ የወንዙ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ስብሰባ አለው፤ ከድልድዩ በላይ ባለው ውኃ በእንቁላል ማጥመድ ይቅር ወይስ አይቅር የሚለው ይወሰናል። የዱር ስቲልሄድ የምትራባው እዚያ ነው፤ ቁጥሯም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዷል። የአቶ ዌንዴል ቃል ደግሞ በማኅበሩ ዘንድ የከበደ ነው፤ እሳቸው ያሉት ይጸናል። ይህን ኮሪን ታውቃለች፤ እሳቸውም ማወቋን ያውቃሉ።

«አጎቴ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «በመከር ሳልሞን ሲይዙ ወንዱን ነው ሴቷን የሚያስቀሩት?»

«ሴቷን ነዋ። ወንድ እንቁላል አለው እንዴ?»

«ለሥጋውስ ቢሆን?»

አቶ ዌንዴል ብልቃጣቸውን ከፍተው እንቁላል መንጠቆው ላይ አሰሩና ክራቸውን ጣሉ። ለሥጋው ቢሆን ሁለቱም ያው ናቸው።

«እንግዲህ ነገ የሚመጣውን ዓሣ ለመያዝ» አለች ኮሪን በለሰለሰ ድምፅ፣ «ከነገ ወዲያ የሚመጣውን እያረድን ነው። ያ ብቻ ቢሆን ደግሞ ባልከፋ። እንቁላል ምግብ ነው፤ ስቲልሄዷ ትውጠዋለች፤ መንጠቆውም አብሮ ወደ ጉሮሮዋ ይወርዳል። ይቺን ሽክርክሪት ግን አትበላትም። በቤቷ ፊት የሚያልፍ እንግዳ ነገር አድርጋ ቆጥራ ትቆጣና ትነክሳታለች፤ በከንፈሯ ጫፍ ትያዛለች።»

«እኔ የዱር ዓሣ ይዤ አላስቀርም!» አሉ፤ አሁን በእርግጥ ተቆጡ። «ጀርባዋ ላይ ያለችው ትንሿ ክንፍ ካልተቆረጠች የዱር ናት፣ ትለቀቃለች። የተቆረጠች ሰው አራብቶ ምልክት ያደረገባት የማራቢያ ጣቢያ ናት፣ ወደ ቤት ትሄዳለች። ሕጉ ከወጣ ጀምሮ አንዲት የዱር ዓሣ በእጄ አልሞተችም።»

«እንዴት አወቁ?»

«ስትሄድ አይቻታለኋ።»

ይህን ብለው ብዙም ሳይቆዩ የእሳቸው የማጥመጃ ዘንግ ጎበጠ። በእንቁላል የመጣች ብርማ ስቲልሄድ ነበረች። ከዳር ስትደርስ ክንፏ ሙሉ ነው፤ የዱር ናት። መንጠቆው አይታይም፣ ጠልቆ ገብቷል። አቶ ዌንዴል እንደ ልማዳቸው መንጠቆውን ሳይጎትቱ ክሩን በምላጭ በጠሱና ለቀቋት። ከስንጥቧ፣ ከምትተነፍስበት ቦታ፣ ትንሽ ደም ወጥቶ ውኃው ውስጥ ተበተነ፤ ከዚያም ጅራቷን አወናጭፋ ጠለቀች።

«አየሽ? ሄደች» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

ኮሪን መጎተት አለመሞከራቸው ደግ መሆኑን፣ ደሙ ግን ከስንጥቧ መሆኑን፣ ከስንጥብ የሚፈስ ደም ደግሞ ቶሎ እንደማይቆም ነገረቻቸው። እሳቸውም ተማሪ ቤት ወንዝ እንደሌለው ነገሯት። በዚህ ተለያዩ።

አንባቢ ሆይ፣ በእኚህ ሰው ለመፍረድ አትቸኩል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከአባታቸው የተቀበሉትን በቅን ልብ የሚሠሩ፣ ሕግም የሚያከብሩ ሽማግሌ ናቸው። ጉድለታቸው የብዙዎቻችን ጉድለት ነው፤ የሠሩትን ነገር እስከ መጨረሻው ተከትለው አላዩትም።

በማግሥቱ ቅዳሜ ውኃው ጎድሎ እንደሆነ ለማየት ወደ ታች ሲወርዱ፣ ከሁለተኛው መታጠፊያ ግርጌ ጠጠሩ ላይ አንዲት ስቲልሄድ ሞታ ተጋድማለች። በወንዝ ዳር የሞተ ዓሣ ብርቅ አይደለም፤ ሊያልፉ ነበር። ከአፏ ጥግ ግን ቁራጭ ክር ወጥቷል፤ የበጠሱት ክር ነው። ቀረብ ብለው አፏን ቢከፍቱ፣ መንጠቆው ከስንጥቧ ሥር ተቀርቅሮ፣ ቋጠሮው ላይ የልብስ መስፊያ ቀይ ክር ሰባት ጊዜ ተጠምጥሞበታል። በዚያ ወንዝ ላይ ቋጠሮውን በቀይ ክር የሚጠመጥም ሌላ ሰው የለም። አቶ ዌንዴል ክው አሉ።

ከጠጠሩ ሊያነሷት ሲሞክሩ ከሆዷ ሁለት እንቁላሎች ወጥተው መዳፋቸው ላይ ቀሩ። እዚያው ጠጠሩ ላይ ተቀመጡ። አዘኑ፣ ከልባቸው አዘኑ። ከሐዘኑ የባሰው ግን ሐሳቡ ነበር፤ ይቺን ያገኟት ውኃው ጎድሎ ነው። ወንዙ ሞልቶ በሚጋልብባቸው ክረምቶች ሁሉ የለቀቋቸው ዓሦች የት እንደደረሱ ማን አየ?

ዓሣዋን ለወንዙ መልሰው በቀጥታ ወደ ራስኬ ቤት ሄዱ። ኮሪን በሩን ስትከፍት ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«የትናንቷን አገኘኋት» አሉ።

ልጅቷ ነግሬዎት ነበር አላለችም። ፊታቸውን አይታ ሁሉም ገባት፤ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ተከተለቻቸው። ያን ቀን ከሰዓት እስኪመሽ ድረስ ጥልቁ ውኃ ዳር አስተማረቻቸው። ሽክርክሪቷን ወደ ማዶ፣ ትንሽ ወደ ላይ አድርጎ መወርወር፤ ወደ ወለሉ እስክትጠጋ መታገሥ፤ ከዚያ ቅጠሏ እንድትዞር ያህል ብቻ ቀስ ብሎ መሳብ። መጀመሪያ ብረቷ ድንጋይ ውስጥ እየተሰነቀረች አማረረቻቸው። ምንም አይሰማኝም አሉ፤ ለእንቁላል የኖረ እጅ ለብረት አይሆንም አሉ። ቆይተው ግን የቅጠሏ ምት፣ ድብ ድብ እያለ፣ ዘንጉን አልፎ መዳፋቸው ላይ ደረሰ። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ውርወራ አንድ ነገር ምቱን ቀጥ አደረገው፤ ዘንጉ ከእጃቸው ሊያመልጥ ምንም አልቀረው።

የዱር ነበረች። መንጠቆው በከንፈሯ ጥግ፣ ከውጭ ይታያል። አቶ ዌንዴል ከውኃው ሳያወጧት በሁለት ጣት ነቀሉላት። ደም የሚባል ጠብ አላለም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አጥማጆቹ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ልማድ ይነካ ወይ የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም አቶ ዌንዴል ተነሥተው እንዲከላከሉላቸው ይጠብቃሉ። ተነሡ።

«የዱር ዓሣ አልገደልኩም እያልኩ አርባ ዓመት ሰበክኋችሁ» አሉ። «ትናንት አንዷን የራሴ መንጠቆ በጉሮሮዋ እንዳለ ሞታ አገኘኋት። ሆዷ እንቁላል ሞልቷል።»

ከኋላ የዕድሜ ልክ የዓሣ ማጥመድ ጓደኛቸው ዴልበርት ሳቅ ብሎ፣ «አንዲት ናት ዌንዴል፣ ወንዙ አይጎድልም» አላቸው። «ለመሆኑ አምና አብረሃት ፎቶ የተነሣሃት ያቺ ትልቋስ? ለቀቅኳት ብለህ ቢራ ያጠጣኸን?»

«አላውቅም ዴልበርት» አሉ። «አውቃለሁ ስል ኖርኩ። ያየሁት ጀርባዋን ብቻ ነው።»

አቶ ዌንዴልም ሳይቸኩሉ አስረዱ። በሽክርክሪት የተያዘች ዓሣ በከንፈሯ ስለምትያዝ የዱር ከሆነች በሕይወት ለመሄድ ደህና ዕድል አላት፤ የጣቢያ ከሆነች ደግሞ ያው ለምጣድ ትሆናለች። ለማባበያ ሲባል በመከር እናት ሳልሞን መርጦ ማረድ ይቀራል። አንድ ቦታ ተተክሎ ብርድ ሲልጠው ከመዋል ይልቅ ሰው ከጥልቅ ወደ ጥልቅ እየተራመደ ብዙ ውኃ ያዳርሳል፣ ለጉልበትም መልካም ነው። ቨርናም ቅቤዋን በሰላም ትበላለች፤ ይህን ሲሉ ሴቶቹ ሳቁ። ከሁሉም በላይ ግን፣ አሉ፣ ከድልድዩ በላይ የሚራቡት ከተረፉ ወንዙ ይተርፋል፤ እነሱ ካለቁ እንቁላልም ሽክርክሪትም የምንጥልበት የለንም።

ይህን ብለው ቀኝ እጃቸውን አወጡ። መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ ሰባት፣ ከዚያ የፊቱ ረድፍ በሙሉ እጁን አወጣ። ዴልበርት ዙሪያውን አይቶ፣ ራሱን አክኮ፣ በመጨረሻ የእሱንም አነሣ።

«እሺ፣ ይሁን» አለ። «ብረቱ እንዴት እንደሚጣል ግን አንተ ነህ የምታሳየኝ።»

«እኔ አላሳይህም» አሉ አቶ ዌንዴል፤ በአዳራሹ ጥግ ግድግዳ ተደግፋ ወደ ቆመችው ወደ ኮሪን ጠቆሙ። «እሷን ለምናት። እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት።»