ቀማሿ ጥሩሸዋ

ወይዘሮ ማናለብሽ ከሞላሌ ገበያ ሲመለሱ የአህያቸው ጭነት ለሦስተኛ ጊዜ አጋደለ። በመጀመሪያው አህያዋን ሰደቡ፣ በሁለተኛው ማርያምን ለመኑ፣ በሦስተኛው ግን መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ጌሾውም ብቅሉም እዚያው ቢቀር ግድ አልነበራቸውም። ወሩ ኅዳር ነው፤ ጠዋት ውርጭ፣ ቀትር ላይ ነፋስ። እንዲህ የደከማት ሴት ምን ታድርግ?

መምህር አባይነህ ከኋላ የደረሰው በዚህ መሐል ነው። የራቤል አገር ሰው ነው። ጠዋት ሰባተኛ ክፍልን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ትልልቅ ሰዎችን ያስተምራል፤ ዘመቻው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ወይዘሮ ማናለብሽም ስማቸውን ማንበብ የቻሉት በእሱ ነው። ጭነቱን አቃንቶ ጠፍሩን ጠበቅ አደረገና፣ ስለ ጥሩሸዋ ሊያነጋግራቸው ሲፈልግ መሰንበቱን ነገራቸው።

ጥሩሸዋ የመጨረሻ ልጃቸው ናት፣ አሥራ አምስት ዓመቷ፤ ሰባተኛ ክፍል እሱ ጋ ትማራለች። ባለቤታቸው አቶ አፈወርቅ ከሞቱ ወዲህ ቤቱ የሚኖረው ወይዘሮ ማናለብሽ በሚያወጡት አረቄ ነው። በዚያ ሰፈር ታዲያ አንድ ልማድ አለ። ከመቃው፣ ትነቱ ከሚወርድበት ሸምበቆ፣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን አረቄ የሚቀምሰው ልጅ ነው። የትልቅ ሰው ምላስ በበርበሬና በጠላ ደንዝዟል፣ የልጅ ግን ንጹሕ ስለሆነ ይለያል ይላሉ። ጥሩሸዋ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ ስትቀምስ ኖራለች። ጠንክሯል ካለች ጠንክሯል፣ ሳስቷል ካለች ሳስቷል። ጎረቤት ሁሉ እየጠራ ያስቀምሳታል። እናቲቱም በልጃቸው ምላስ የኮሩትን ያህል በምንም ኮርተው አያውቁም። የሚያሳዝነው ይኸው ነው።

መምህሩ ያየውን ነገራቸው። ልጅቷ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብዕር መያዝ ያቅታታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። በእረፍት ሰዓት ከአጥር ውጪ ደርሳ ስትመለስ ደግሞ እጇ ረግቶ፣ አፏ አረቄ አረቄ እየሸተተ ትመጣለች፣ ከዚያም ክፍል ውስጥ ትተኛለች።

ወይዘሮ ማናለብሽ ተቆጡ። እናት የወለደችውን ልጅ በመንገድ ላይ ሲያሙባት ምን ትላለች?

«አንተ የወለተኪዳን ልጅ» አሉት፤ እናቱን ያውቋቸዋል። «አንተስ በዚያ ብርድ በምን አደግህ? እናትህ ሲበርድህ አረቄ በማር አላጠጣችህም?»

«አጠጥታኛለች፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

«እኔ ምንም አልሆንኩም። ታላቅ ወንድሜ ጎበዜ ግን ሆነ። ይኸው እጁ አልታዘዝ ብሎት በሠላሳ ዓመቱ እናቴ ናት የምታጎርሰው።»

አህያዋን እየነዱ መንገድ ቀጠሉ። ወይዘሮ ማናለብሽ ግን ነገር በቀላሉ የሚለቁ ሴት አይደሉም። የልጅቷን ደብተር የሚገዛው አረቄው መሆኑን፣ ብርድ ባይኖር አረቄም እንደማይኖር፣ ባላቸውንም የገደለው ብርድ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ተናገሩ፤ ያ ምስኪን በየማለዳው ሲንቀጠቀጥ ነው የሞተው።

መምህሩም አረቄ ቆዳን ለጊዜው እንጂ ሰውነትን እንደማያሞቅ፣ እንዲያውም ያለውን ሙቀት አውጥቶ እንደሚበትን አስረዳቸው። ያላደገ አካል ከለመደው ደግሞ ሲያጣው እንደሚንቀጠቀጥ ነገራቸው። እንዳላመኑት ሲያይ ድምፁ ዝቅ አለ።

«እኔን አይመኑኝ፣ እትዬ። ነገ ጠዋት ሳትቀምስ ስምዎን ያስጽፏት። እንደ ወትሮዋ ስትቀምስም ካዩ፣ ደግመው ያስጽፏት። ማንበቡን ችለዋል፤ ይፍረዱ።»

በማግስቱ ጋኑ ተጥዶ እሳቱ ይንቦገቦጋል። ወይዘሮ ማናለብሽ ደብተርና እርሳስ አቀረቡ። ጥሩሸዋ ከምድጃው ዳር ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። «ማ» ወደ ታች ወረደች፣ «ለ» እግሯ ተሰበረ፣ «ሽ» ከመስመሩ ወጣች።

«ብርዱ ነው፣ እማዬ» አለችና እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች። ግንባሯን ግን በእሳቱ አልቧት ነበር።

ከዚያ መቃው ይንጠባጠብ ጀመረ። ልጅቷ መለኪያውን በሁለት እጇ ይዛ አነሳችው፤ አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ ተጎነጨች። ትንሽ ቆይታ እናቷ ሳይጠይቋት እርሳሱን አነሳች። ማናለብሽ። እንደ ማኅተም የተስተካከለ።

«አሁንስ አማረ አይደል?»

ወይዘሮ ማናለብሽ ሁለቱንም አነበቡ። አቶ አፈወርቅም በየማለዳው መለኪያቸውን የሚይዙት እንዲሁ በሁለት እጅ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ባጠገባቸው ቆመው የቀዱላቸው ደግሞ እሳቸው ናቸው። እሳቱን በውሃ አጥፍተው ነጠላቸውን አደረጉና ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ።

«ብርድ አይደለም፣ መምህር» አሉት። «እኔው ነኝ። ባሌንም፣ ልጄንም።»

አባይነህ አልተመጻደቀም፣ የገዛ ወንድሙ ነገር እሱንም አድክሞታል። አብረው ልጅቷን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ጤና ረዳቱም በአንድ ጊዜ መከልከል አደጋ እንዳለው ነግሯቸው፣ በእሱ ክትትል ቀስ በቀስ እንድትተው አደረገ። ቀላል ነገር አይምሰልህ፣ አንባቢ። ልጅቷ አስመለሳት፣ እናቷን ሰደበች፣ ወደ ጎረቤት ሸሸች፤ ጎረቤትም አዝኖላት ቀዳላት። ወይዘሮ ማናለብሽ ያን ጊዜ ከቤት ቤት እየዞሩ «ልጄን አታስቀምሱብኝ፣ የእናንተንም አታስቀምሱ» ብለው ለመኑ። አንዳንዱ ሳቀባቸው፤ ተሾመች የምትባል ጎረቤታቸው ግን የራሷን ልጅ እጅ ጠዋት ጠዋት መመልከት ጀመረች።

አረቄውን ትተው የበግ ፀጉር እየፈተሉ ወፍራሙን ብርድ ልብስ፣ ባና፣ ለሚሠሩ ማቅረብ ያዙ። ኑሮው ጠበበ። ሆኖም ጥሩሸዋ ጠዋት ቁርስ መብላት ጀመረች፣ ክፍል ውስጥ መተኛቷ ቀረ፣ የረሳችው ሳቅም አልፎ አልፎ ይመጣ ጀመር። ልጁን ከአረቄ የጠበቀ ወላጅ የሚያተርፈው ይህንን ነው፤ ነገ እሱ የሚያጎርሰው ሳይሆን እሱን የሚያጎርስ ልጅ ይኖረዋል።

በግንቦት ወር፣ አንድ ቀን ማለዳ ጥሩሸዋ ምንም ሳትቀምስ የእናቷን ስም ጻፈች። እንደ ማኅተም አይደለም፤ «ሽ» ጥቂት ጎብጣለች። ወይዘሮ ማናለብሽ ከሣጥናቸው የኅዳሩን ያማረ ጽሑፍ አወጡና ምድጃው ውስጥ ከተቱት። ጎባጣዋን ግን አቶ አፈወርቅ ይቀመጡበት ከነበረው መደብ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፏት።