ከማርያም አጥር ላይ ስለተነሣው ጥቁር ባርኔጣ ለሁለተኛ ጊዜ የተሰጠ ቃል

የምስክር ቃል መቀበያ

የቃል ሰጪው ስም፦ አቶ ወሰኔ ተክለጻድቅ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ ባርኔጣ አዳሽ
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባለትዳር
አድራሻ፦ ቀየት፣ ከገበያው በላይ
ጉዳዩ፦ የወ/ሮ ጌታነሽ የገብስ ክምር መቃጠል
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 30 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡40 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ረዳት ኢንስፔክተር ትዕዛዙ ወንድምአገኝ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ቃል ሰጪ በዚሁ ጉዳይ ጥር 23 ቀን 2005 ዓ.ም. ቃሌን ሰጥቼ ፈርሜአለሁ። ዛሬ የመጣሁት ግን ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ነው። መርማሪው ምን የረሳኸው ነገር አለ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የረሳሁት ነገር የለም፣ የተውኩት ነገር ነው ያለው ብዬ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ።

ሙያዬን የተማርኩት በ1983 ዓ.ም. ከውትድርና ተበትኜ አዲስ አበባ በቀረሁ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣ አዳሽ ዘንድ ተቀጥሬ ነው። ወደ አገሬ ስመለስ ሙያዬን የሚፈልግ አልነበረም። የጃንሆይ ዘመን ሰዎች በደርግ ጊዜ ፊውዳል እንዳይባሉ ባርኔጣቸውን ሳጥን ከተውት ነበር፤ ልጆቻቸው ደግሞ የኳስ ቡድን ስም ያለበት ኮፍያ ነበር የሚያደርጉት። ስለዚህ ብዙ ዓመት ጫማ ስሰፋ ኖርኩ። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። መጀመሪያ ከደብረ ብርሃን የመጡ ሁለት መምህራን ባርኔጣ ደፍተው ታዩ፤ ከዚያ የሚኒባስ ሾፌሮች፣ ከዚያ ሙሽሮችና ሚዜዎች ተከተሉ። ጎረምሳው ሁሉ የአባቱን ሳጥን ይበረብር ጀመር። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ራስ ሳይጠና ጉተና እያሉ አሾፉ፤ ውለው አድረው ግን እነሱም የራሳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ወደ እኔ አመጡ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼ ነበር። በገበያ ቀን ቆሜ ሳይ ከሚያልፈው ሰው ግማሹ የእጄን ሥራ አናቱ ላይ ተሸክሟል።

አሠራሬ የሚከተለው ነው። ከሳጥን የወጣው ባርኔጣ ብል የበላው፣ የተጨማደደና ቀለሙ የለቀቀ ነው። በማንቆርቆሪያ እንፋሎት አለሰልሰውና ከእንጨት በተጠረበ የራስ ቅርጽ ላይ እወጥረዋለሁ። ያለኝ ቀለም ጥቁር ብቻ ስለሆነ ቡናማውም ግራጫውም ከእጄ የሚወጣው ጥቁር ሆኖ ነው። የአባት ባርኔጣ ለልጅ ሲሰፋው ከውስጥ ባለው የቆዳ ጥብጣብ ሥር ከግድግዳ ካሌንደር ያለፈውን ወር ገጽ ቀድጄና አጥፌ አስገባለሁ። በተጠርጣሪው በጌጡ አፈወርቅ ባርኔጣ ውስጥ ያስገባሁት የጥቅምትን ገጽ ነው፤ ያንን ገጽ ለሌላ ሰው አልተጠቀምኩበትም። የራሴ ባርኔጣ ወረቀት የለውም፤ በራሴ ልክ የወጠርኩት ነው።

በእኛ አገር ወንድ ባርኔጣ እንደደፋ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም። በሩ ላይ አውልቆ ከአጥሩ እንጨት ጫፍ ላይ ይሰካና ሲወጣ ያነሣል። ድሮ ባለባርኔጣው ሦስት ወይም አራት ሰው ስለነበረ የማን የማን እንደሆነ ሕፃን ያውቀው ነበር። አሁን ግን በበዓል ቀን የማርያም አጥር ቁራ የሰፈረበት ይመስላል። ሁሉም ጥቁር ነው፤ ሁሉንም ያጠቆርኩት እኔ ነኝ።

ጥር 21 ቀን ማክሰኞ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት እኔም እንደ ሰው ባርኔጣዬን ሰክቼ ገባሁ። ከውትድርና ያመጣሁት አመል አለብኝ፤ ሲጋራ አጨሳለሁ። ባለቤቴ ጥሩሸዋ የተውኩ ይመስላታል፤ የንስሐ አባቴም እንዳላጨስ ገዝተውኛል። ይህን በጽሑፍ ማስፈር አፍሬ ነበር፤ ሆኖም ያለዚህ የቀረው ስለማይገባ ተናግሬአለሁ። ከዋዜማው ጀምሮ አላጨስኩምና ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ታቦቱ ሊወጣ ካህናቱ ሲዘጋጁ፣ ትዕግሥቴ አለቀ። በዚያ ሰዓት ትቶ የሚወጣ ሰው ስለሌለ እንዳልታይ ተቻኩዬ ከአጥሩ ላይ ባርኔጣ አነሣሁና ሄድኩ። ነፋሱ ያርድ ስለነበረ በጋቢዬ ራሴን ተከናንቤ ነበር፤ ባርኔጣውን የደፋሁት ከጋቢው በላይ ነው። ስለዚህ መስፋቱን አላወቅኩም። የአገሩን ባርኔጣ ሁሉ በእጄ የማውቅ ሰው የሰው ባርኔጣ ደፍቼ ሄድኩ።

የወ/ሮ ጌታነሽ አውድማ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ሰው ቢጣራ በሚሰማበት ርቀት ላይ ነው። እሳቸው ባል የሞተባቸው ሲሆኑ የዓመቱ ገብሳቸው ገና ሳይወቃ ተከምሮ ነበር። ከክምሩ ጀርባ ከነፋስ ተከልዬ ተቀመጥኩና ሲጋራዬን ለኮስኩ። ሁለት ጊዜ እንደሳብኩ ነፋሱ ባርኔጣውን ከላዬ አንሥቶ ወሰደው። ሲጋራውን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ባርኔጣውን ተከትዬ ሮጥኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። ባርኔጣውን ይዤ ስመለስ ገለባው ተያይዟል። በባርኔጣው መታሁት፣ በእግሬ ረገጥኩት፣ ጋቢዬንም ጣልኩበት፤ እየባሰ ሄደ። ከላይ እልልታው ሲቀልጥ ሰማሁ፤ ታቦቱ ወጥቷል ማለት ነው። ኡኡ ብዬ ብጮህ ያ ሁሉ ወንድ እየሮጠ ይወርድልኝ ነበር፤ ቢያንስ የክምሩ እኩሌታ ይተርፍ ነበር። አልጮህኩም። እዚህ ምን ስትሠራ ነበር እንዳልባል ጋቢዬን ብቻ አንሥቼ በወንዙ በኩል ሸሸሁ። ባርኔጣው እዚያው ወደቀ። ክምሩ እንዳለ ነደደ።

እዚህ ላይ መርማሪው ብዕሩን አስቀምጦ፣ ከዚህ በኋላ የምናገረው በራሴ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችልና ቃል ለመስጠት እንደማልገደድ ነገረኝ። ገብቶኛል፣ ይጻፍ አልኩ።

ያን ቀንና በማግሥቱ ከቤቴ አልወጣሁም። የወደቀው ባርኔጣ የራሴ መስሎኝ ስለነበር ፖሊስ መቼ ይመጣል እያልኩ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። ጥር 23 ቀን ጠዋት ፖሊስ መጣ። እዚሁ ጽሕፈት ቤት ደርሼ ጫፉ የተለበለበው ባርኔጣ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ተያዝኩ አልኩ። መርማሪው ግን አቶ ወሰኔ፣ አንተ ባለሙያ ስለሆንክ የማን እንደሆነ ለይልን አለኝ። ጥብጣቡን ገልጬ አየሁት። የጥቅምት ገጽ አለበት። ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰው ባርኔጣ ደፍቼ እንደነበር ያወቅኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና እፎይ አልኩ። የጌጡ አፈወርቅ ነው፣ በእጄ ነው ያደስኩት ብዬ ቃሌን ሰጠሁ። በዚያ ቀን ማን ደፍቶት እንደነበር አልተጠየቅኩም፤ እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።

ጌጡ ከወ/ሮ ጌታነሽ ጋር በእርሻ ድንበር ሲካሰስ የቆየ ሰው ነው። በታኅሣሥ ወር በሽማግሌዎች ፊት ተናዶ፣ "ያንን ገብስ ስትበዪው እናያለን!" ማለቱን እኔም በቦታው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። ነገረኛ አፍ እንጂ ክፉ እጅ የለውም። ዛቻው ላይ ባርኔጣው ሲጨመር በዚያው ዕለት ታሰረ። ባርኔጣዬን አጥር ላይ ሰክቼ ገብቼ ነበር፣ ስወጣ አጣሁት ብሎ ቃሉን እንደሰጠ ሰምቻለሁ። ሰዉ ሁሉ ዓይኑ ታቦቱ ላይ ስለነበረ በዚያ ሰዓት ጌጡን አይቼዋለሁ ብሎ የሚምል አልተገኘም። ሁሉም የየራሱን አንሥቶ ሲያበቃ አጥሩ ላይ አንድ ባርኔጣ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ጌጡ የእኔ አይደለም ብሎ ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሰጥቶት በባዶ ራሱ ወደ ቤቱ ሄዷል። ያ የቀረው የእኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያሳለፍኩትን ቀን ለጠላቴም አልመኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ባርኔጣዬ በዘበኛው ጎጆ በር ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ብወስደው በዚያን ቀን ያለ እሱ መሄዴ ይታወቃል፤ ባልወስደው እዚያው ተንጠልጥሎ ይጠብቀኛል። ሰው ባርኔጣህ የት ሄደ ሲለኝ ቀለም ውስጥ ነክሬዋለሁ እላለሁ። የሰፈሩ ሰው ለወ/ሮ ጌታነሽ ገብስ ሲያዋጣ ጥሩሸዋ ከጎተራችን ስትሰፍር ቁናውን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ወ/ሮ ጌታነሽ ገብሱን ተቀብለው ሲመርቁኝ ባዶ ራሴን ዝቅ አድርጌ አሜን አልኩ።

ትናንት ጥር 29 ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የጌጡ ባለቤት እየሩስ ወደ ሱቄ መጣች። እዚህ ለባሏ ስንቅ አድርሳ መመለሷ ነበር። ከነጠላዋ ሥር ባርኔጣዬን አወጣች። ዘበኛውን ለምና ተቀብላው ነው።

"ጋሼ ወሰኔ፣ የአገሩን ባርኔጣ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። የዚህ ባለቤት ከተገኘ የጌጡን ማን እንደወሰደው ይታወቃል። ሰኞ እንደገና ፍርድ ቤት ሊያቀርቡት ነው። እባክዎን ይዩልኝ" አለችኝ።

ተቀብያት ጥብጣቡን ገለጥኩ። ወረቀት የለውም። እንደማይኖረው እያወቅኩ ገልጬ ቆየሁ። ይሄን እንኳ አላውቀውም አልኳት።

"ያለ እርስዎ ማን ይሠራል? እዚህ አገር ሌላ ባርኔጣ አዳሽ የለም እኮ" አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ግራ ገብቷት ነው። ከዚያ፣ "እስቲ ልኩን እንኳ እንየው፣ የትልቅ ሰው ይሁን የጎረምሳ" ብላ ከእጄ ወሰደችና አናቴ ላይ ደፋችው።

ልክ ሆነ። አልሰፋ፣ አልጠበበ። እሷ አንድ ርምጃ ወደ ኋላ ብላ አየችኝ። እጄን አንሥቼ ማውለቅ አቃተኝ። የገባት ነገር ይኑር አይኑር እስካሁን አላውቅም።

"እንግዲያ የእርስዎን የሚያህል ራስ ያለው ሰው ይፈልጉልኝ" አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ሄደች። ባርኔጣውን ላዬ ላይ ትታው ሄደች።

ማታውን ሁሉንም ለጥሩሸዋ ነገርኳት። ይህን እያወቅህ ቁናውን ያዝክልኝ፣ አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዛሬ ጠዋት ጋቢዬን ሰጥታኝ ሸኝታኛለች።

ስለዚህ ክምሩን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ አስቤ አይደለም፣ ነገር ግን ላድነው ስችል ሸሽቻለሁ። ጌጡ አፈወርቅ በዚህ ጉዳይ የለበትም። እስከ ዛሬ ስምንት ቀን እዚህ ያኖረው እኔ የነገርኩት እውነት ነው። የቀረውን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

መርማሪው ደፍቼው የመጣሁትን ባርኔጣ ለኤግዚቢትነት እንዳስረክብ ሲጠይቀኝ አውልቄ ሰጥቻለሁ። የተለበለበውን የጌጡን ባርኔጣ አምጥቶ አጠገቡ ባስቀመጠው ጊዜ በዓይን መለየት አልተቻለም። ጥብጣቡን ገልጬ ወረቀት ያለበትን የጌጡ፣ የሌለበትን የእኔ ብዬ ለይቻለሁ። መርማሪው በዚህ ቅጽ ራስጌ ላይ "የምስክር" የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዞ "የተጠርጣሪ" ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ እንደተናገርኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በመጨረሻ መርማሪው እንደተለመደው ከላይ የሰጠሁት ቃል ሁሉ እውነት ነው ብሎ ሊጽፍ ሲል አስቁሜዋለሁ። ጥር 23 ቀንም ይኸው ቃል ተጽፎ ፈርሜበታለሁ፤ ያን ቀንም ከተናገርኩት አንዲት ውሸት አልነበረችበትም። ስለዚህ በዚያ ፈንታ በጠየቅኩት መሠረት የሚከተለው ተጽፎልኛል፦ የሰጠሁት ቃል እውነት ነው፤ ያስቀረሁትም የለም።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ወሰኔ ተክለጻድቅ (ፈርሟል)
የመርማሪው ፊርማ፦ ረ/ኢንስፔክተር ትዕዛዙ ወንድምአገኝ (ፈርሟል)
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከረፋዱ 4፡15

ማስታወሻ፦ ሁለት ጥቁር ባርኔጣዎች በኤግዚቢትነት ተይዘዋል። ቃል ሰጪው በዚሁ ሰዓት ማረፊያ ክፍል ገብቷል። ጌጡ አፈወርቅ እንዲለቀቅ ጥያቄ ቀርቧል፤ ባለቤቱ ወ/ሮ እየሩስ ከጠዋቱ 2፡30 ጀምሮ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ተገኝታለች።