እማዬ በሆሊ ነጭ ለብሳ

ሲያትል አጠገብ ሬድመንድ የምትኖረው ህንዳዊት ጎረቤታችን አኒታ፣ ለሆሊ በዓላቸው ስትጠራን «ነጭ ልበሱ» ብላ ቴክስት አደረገችልኝ። ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ ደግሞ ነጭ ከተባለ የክት ነው፤ ለፋሲካ ያስቀመጠችውን የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው ለብሳ ወጣች። ጓሯቸው ስንገባ ሰው ሁሉ አሮጌ ነጭ ቲሸርት ለብሶ ቀይና ቢጫ ዱቄት ይረጫጫል! ነጩ ለካ ቀለሙ እንዲታይበት ኖሯል።

«እማዬ፣ እንመለስ» አልኳት ደንግጬ። የአኒታ እናት እማዬን ሲያዩ እጃቸውን ዘርግተው ሁሉንም አስቆሙ። እማዬ ቀሚሷን አየች፤ ሴትዮዋን አየች። ከዚያ ዘው ብላ ገብታ፣ ከሳህኑ ቀይ ዱቄት ቆንጥራ ጉንጫቸውን ቀባቻቸውና «እንኳን አደረሰዎ!» አለቻቸው፣ በአማርኛ። ሴትዮዋ እየሳቁ በሁለት እጃቸው ቢጫውን ደረቷ ላይ አፈሰሱት። ጓሮው በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ በእናቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ቀለሙ ቢታጠብ ቢታጠብ አልለቅ አለ። እማዬ ግን ለፋሲካ ሲያትል ወዳለው ቤተክርስቲያን በዚያው ቀሚስ ሄደች። አንዷ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ «ውይ፣ ምን ነካው?» ስትላት፣

«ጎረቤቶቼ የሠሩልኝ ጥለት ነው» አለቻትና ነጠላዋን ገለጥ አደረገችው፣ በደንብ እንዲታይ።