ያልተሰፋችው ቁልፍ

ጋሽ ቆይ፣ ዛሬ በሽኝትዎ ቀን እንኳ አያቋርጡኝ!

ወዳጆቼ፣ እኚህ ሰው ቴአትር ቤታችን የመጡ ቀን ጸሐፊያችን የቧንቧ ሠራተኛ መስለዋት ቀጥታ መጸዳጃ ቤት አስገባቻቸው። "ይኸው፣ ያንጠባጥባል" አለቻቸው። ጎንበስ ብለው አዩና "ከመቼ ጀምሮ?" አሉ። እሷ የቧንቧውን በሽታ ስትዘረዝር፣ ሥራ አስኪያጁ አበባ ይዞ አዲሱን ጸሐፌ ተውኔት ደጅ ላይ ይጠብቃል። በኋላ "ምነው ዝም አሉ?" ቢባሉ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ቆይ፣ ስታውቅ ፊቷ ምን እንደሚሆን ልይ ብዬ ነው።" ቧንቧው እስከ ዛሬ ያንጠባጥባል።

'ጋሽ ቆይ' የሚለው ስምም በዚያው ጸደቀላቸው። ምሳ እንብላ? ቆይ። እዚህ ጋ ይፈርሙ? ቆይ። ባለቤታቸው እንደነገሩኝማ፣ "እንጋባ ስለው 'ቆይ' ብሎ ሻይ አዘዘ።" ሳቁ፣ ሳቁ! እሺ ያሉት ሻዩ ሲደገም ነው አሉ።

ግን ያበላችን ይቺው ቆይ ናት። ያንን መከረኛ ትራጄዲያቸውን ታውቁታላችሁ። እዚያ ላይ እናቲቱን የምጫወተው እኔ ነኝ። ልጄ ሞቷል፤ ተመልካቹ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። የሸሚዙን ቁልፎች እየሰፋሁለት መርዶ ነጋሪው ይገባል። ገና አፉን ሲከፍት "እሰይ መጣህልኝ! ትከሻችሁ አንድ ነው፣ ና እስቲ ልለካብህ" ብዬ አለብሰዋለሁ። የቀረችው የአንገቷ ቁልፍ ብቻ ናት። እኔ እጅጌው ረዘመ፣ አጠረ እላለሁ፤ እሱ የሟቹን ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። በልምምድ ጊዜ "ጋሼ፣ ለምን ጮኾ አይነግረኝም?" ብላቸው፣ "ከጮኸማ ተገላገልን። ጭንቁ ያለው መርዶ ይዞ ሸሚዝ መለካቱ ላይ ነው" አሉኝ።

የመክፈቻው ዕለት ታዲያ መርዶ ነጋሪያችን ችኩሉ፣ ያው እዚያ ጋ ኬኩ ሳይቆረስ የጀመረው፣ በሩን በርግዶ ገባና "ልጅሽ ሞቷል!" ብሎኝ አረፈው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ አፈሰ፣ እኔ ለቀምኩ። "የማን ልጅ? ቤት ተሳስተሃል! በል ሸሚዙን ልበስ" አልኩት። ጋሼ ከመጋረጃው ጀርባ "ቆይ! ቆይ በይው!" ሲሉ፣ ፊት የተቀመጡ ሴትዮ "ኧረ ልጁ አልሞተም፣ ድምፁ ከጓዳ ይሰማል!" ብለው ተነሱ።

ጋሼ፣ ከእርስዎ በፊት መድረክ ላይ የማውቀው ማልቀስ ብቻ ነበር። እንባዬን ውጬ ቁልፍ መስፋት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እናቴ የሞተች ጊዜም ቤቴ መጥተው፣ "አይዞሽ" እንኳ ሳይሉ ልብሷን አብረውኝ ያጣጠፉት እርስዎ ነዎት። አመሰግናለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ዛሬ "ውጪና 'ደህና ይሁኑ' በያቸው" ብሎ ልኮኛል። ዛሬ መርዶ ነጋሪዋ እኔ ነኝ ማለት ነው። ይኸው ስለ ቧንቧ፣ ስለ ሻይ፣ ስለ ችኩሉ እያወራሁ ቃሏን ሳልላት እዚህ ደረስኩ።

ይነሱ እስቲ፣ ይቺን ሸሚዝ ይልበሷት። አዎ፣ ያቺው ናት! እሰይ፣ ልክዎ ናት። አንገቷ ላይ አሁንም ቁልፍ የላትም። ቁልፏ እኔ ኪስ ውስጥ ናት፣ አልሰጥዎትም። ሊያሰፏት ተመልሰው ይመጣሉ።

በሉ ብርጭቆ አንሱ። ችኩሉ፣ አንተ አስቀምጥ፣ ገና ነው! ለጤናዎ፣ ለዕድሜዎ፣ ሻይ እስኪደገም ለታገሱት ባለቤትዎ! ጋሼ በሩን ሲከፍቱ ማንም "ደህና ይሁኑ" እንዳይል። ሁላችንም የምንለው አንድ ቃል ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፦

"ቆይ!"